አዲስ ስኪ እንዴት ነው የሚሟሸው?

የማርቆሷ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ የሀገሬ ልጆች። ይህን የምጽፈው ደብረ ማርቆስ፣ እናቴ ጓዳ ቁጭ ብዬ ነው። ጥያቄዬ ግን የበረዶ ነገር ነው።

ኖርዌይ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሊልሃመር ነው የምኖረው፤ በፈረንጆች 1994 የክረምት ኦሎምፒክ የተካሄደባት ትንሽ ከተማ። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት እሠራለሁ። እዚያ ብርዱ ሲገባ ልጅ አዋቂ ሳይል ሁሉም ስኪ፣ ከጫማ ሥር የሚታሰረውን ረጅም የበረዶ መንሸራተቻ፣ አድርጎ ይወጣል። የሥራ ጓደኞቼም እሑድ እሑድ ቡና በቴርሞስ ቀድተው፣ ብርቱካን ይዘው ወደ ጫካ ይሄዳሉ።

አምና እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ስኪው የተዋስኩት ነበር። ዳገቱን ስጀምር ወደ ኋላ ይመልሰኛል። ሜዳው ላይ ደግሞ በረዶ ከሥሩ እየተጣበቀ ገትሮ ያስቀረኛል። ሌሎቹ በየመታጠፊያው ቆመው ጠበቁኝ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም፤ ግን አንጀቴ ቆሰለ። ስንመለስ አንዷ ስኪውን ገልብጣ አየችውና "ይሄ እኮ ጨርሶ አልተዘጋጀም" አለችኝ።

ስለዚህ ሚያዝያ ላይ፣ የክረምት ዕቃ ሲረክስ፣ የራሴን አዲስ ጥንድ ገዛሁ። የሀገር አቋራጭ ነው፣ ለዝግታ ጉዞ የሚሆን። ሻጩ ብዙ ነገር ነገረኝ። ከነገረኝ ውስጥ በደንብ የገባኝ "በረዶ ሳይነካው በፊት አዘጋጂው" የሚለው ብቻ ነው። በረዶው እየቀለጠ ነበርና ምድር ቤት አቆምኩት። እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

አሁን ለምን ትዝ አለኝ? እማዬ ትናንት አዲስ ምጣድ ገዛች። እኔም ገበያ አብሬያት ነበርኩ። አምስት ምጣድ በጣቷ እያንኳኳች፣ ድምፁን እያዳመጠች ነው አንዱን የመረጠችው። ዛሬ ጠዋት ጉልቻ ላይ ጣደችው። መጀመሪያ የባሕር ዛፍ ቅጠል እሳት፣ ቀስ ያለ። ሲግል የተወቀጠ ጎመን ዘር በተነችበትና በጨርቅ እየዞረች አሸችው። ጨሰ፣ ጠቆረ፣ ጠረገችው። ደግሞ በተነች። ሦስቴ፣ አራቴ። "እንዲህ ቅባቱን ካልጠጣ እንጀራውን ይዞ ያስቀራል" አለችኝ። የሻጩ ነገር ያኔ ብልጭ አለብኝ። ስኪም የሚሟሽ ነገር ነው ማለት ነው?

ኅዳር መጀመሪያ ላይ እመለሳለሁ። ከናንተ መካከል የሚያውቅ ካለ በአማርኛ አስረዱኝ። ሥሩን ይቀባል የሚባለው ሰም ምንድን ነው? በካውያ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ የልብስ ካውያ ይሆናል? ስንት ጊዜ ይደጋገማል? የሚነካና የማይነካ ቦታስ አለው? ዘንድሮ ከጓደኞቼ እኩል መሄድ እፈልጋለሁ።

እንጅባራ

እህታለም፣ እንኳን ለሀገርሽ አበቃሽ። ስለ ስኪ የማውቀው ጥቂት ነው። ሮቤል ተክለማርያም በፈረንጆች 2006 ቱሪን ላይ፣ ከዚያም በ2010 ቫንኩቨር ላይ በዚሁ በሀገር አቋራጭ ስኪ ኢትዮጵያን ወክሎ መወዳደሩን ግን አስታውሳለሁ። በክረምት ኦሎምፒክ ለሀገራችን የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ስለዚህ ይቻላል፣ አይዞሽ።

እኔም አንድ ጥያቄ ልጨምር። እኛ ጋ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። ጮቄ ላይም በረዶ ሲጥል መሬቱ ለጥቂት ሰዓት ይነጣል። በዚያ ላይ የሄደ ሰው እንዴት እንደሚያንሸራትት ያውቃል። በረዶ በራሱ ይህን ያህል የሚያንሸራትት ከሆነ ሰም ለምን አስፈለገ?

ሳይክል ጠጋኙ፣ ባሕር ዳር

የማርቆሷ እህቴ፣ እናትሽ ነገሩን ጨርሰውታል። እኔ ልዘርዝረው።

ዘጠኝ ክረምት ኖርዌይ ውስጥ በስኪ መጠገኛ ወርክሾፕ ሠርቻለሁ። አሁን ባሕር ዳር ሳይክል እጠግናለሁ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በቀን ሠላሳ፣ አርባ ጥንድ በእጄ ያልፍ ነበር። ከሚመጣልን ቅሬታ የሚበዛው "አዲስ ነው፣ ግን አይሄድም" የሚል ነበር። ስኪው ምንም አልሆነም። ደረቅ ስለሆነ ነው።

የእንጅባራው ወንድሜ ጥያቄ መሠረታዊ ነው። በረዶ አንድ ዓይነት አይደለም። በጣም ሲቀዘቅዝ ቅንጣቱ ሹል ነው፤ የስኪውን ሥር ይቧጭራል፣ ይይዛል። ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ደግሞ ውሃ ያዘለ ነው፤ እርጥብ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ እንደሚጣበቀው ስኪውን ይስበዋል። ሰሙ ሁለቱንም ይከላከላል። ለብርድ ጠጣር ሰም፣ ለሞቅታ ለስላሳ ሰም የሚባለው ለዚህ ነው። ማሸጊያው ላይ የሙቀት መጠኑ ተጽፏል።

የስኪው ሥር ፖሊኢትሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው። በጥሩዎቹ ስኪዎች ላይ ዱቄቱ በሙቀትና በግፊት ተጋግሮ የተሠራ ነው፤ ለዓይን የማይታይ ክፍተት ስላለው ሰም ይጠጣል። ርካሾቹ ቀልጦ ከተሳበ ፕላስቲክ ስለሚሠሩ የሚጠጡት ትንሽ ነው። ያንቺ የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀባው ስስ ሰም ለመጓጓዣ እንጂ ለጉዞ አይበቃውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስኪውን ሥሩን ወደ ላይ አድርገሽ አጋድሚው። ሞርሳ ከሌለሽ ሁለት ወንበር ላይ፣ እንዳይነቃነቅ አድርገሽ። መስኮት ክፈቺ፤ የሰም ጭስ ለሳንባ አይሆንም። መጀመሪያ የምትጠቀሚው ለስላሳውን የመሠረት ሰም ነው። ካውያው ላይ አስነክተሽ ጠብ ጠብ አድርጊው፣ ከዚያ በካውያው ከፊት ጫፍ ወደ ጭራ እያስኬድሽ አቅልጪው። የመጀመሪያውን ዙር ገና ለብ እንዳለ ፋቂው። ሰሙ የፋብሪካውን አቧራና ቆሻሻ ይዞ ይወጣል። ግራጫ ሆኖ ሲወጣ ታይዋለሽ፤ አትደንግጪ።

ከዚያ እውነተኛው ማሟሸት ይጀምራል። ሰም ቀቢ፣ በካውያ አስኪጂ፣ ተዪው ይቀዝቅዝ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት። ከዚያ በፕላስቲክ መፋቂያ ፋቂው፤ ብረት አይነካውም። መሐል ለመሐል ያለችውን ቦይ ቀድመሽ አጽጂ። በመጨረሻ በናይለን ብሩሽ ከጫፍ ወደ ጭራ ቦርሺው፣ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ። ይህን ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ደጋግሚው። ተወዳዳሪዎች ከአሥር በላይ ያደርጋሉ፤ ላንቺ አያስፈልግም።

ሰዎች "ይህን ሁሉ ቀብተን መልሰን ከፋቅነው ምን ተረፈ?" ይሉኛል። ላይ የቀረው አይጠቅምም፤ በረዶ ይይዛል፣ ይከብዳል። የሚጠቅመው የገባው ነው። እናትሽስ ጎመን ዘሩን ምጣዱ ላይ ይተውታል እንዴ? ጠርገው ነው የሚያነሱት።

አሁን ካውያው። የልብስ ካውያ ተዪው። ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ በእንፋሎቱ ቀዳዳዎችም ሰም ይገባል። የሰም ካውያ ግዢ ወይም ተዋሺ። ለስላሳው ሰም 120 ዲግሪ አካባቢ ይበቃዋል፤ ማሸጊያውን አንብቢ። የስኪው ፕላስቲክ ራሱ ከ130 ብዙም ሳይርቅ ይቀልጣል፤ ስለዚህ ካውያው አንድ ቦታ ለቅጽበት እንኳ አይቁም። ከጨሰ በዝቷል ማለት ነው። ካውያው ሲያልፍ ከኋላው አንድ ስንዝር የማይሞላ እርጥብ መስመር ካየሽ ልክ ነው። የስኪውን ጀርባም በእጅሽ ዳሺ፤ ለብ ካለ ይበቃዋል፣ ካቃጠለሽ አቁሚ።

ከሁሉ በላይ ይህን ያዢ። የሀገር አቋራጭ ስኪሽ ለዝግታ ጉዞ ከሆነ መሐሉ የተለየ ነው። ከተረከዝሽ ጀምሮ ከእግርሽ ጣቶች አልፎ ወደፊት የሚሄደው ክፍል መሬት የምትረግጪበት ነው። እዚያ የመንሸራተቻ ሰም አይነካም። ጠበቅ የሚያደርግ የመያዣ ሰም ነው የሚቀባው። አምና ዳገት ላይ ወደ ኋላ የመለሰሽ የዚህ አለመኖር ነው፤ እርግጠኛ ነኝ። አዲስ ከሆነ መሐሉን በብርጭቆ ወረቀት፣ ቁጥር 100 ወይም 120፣ ቀለል አድርገሽ አሺው፤ የመያዣው ሰም እንዲነክስ። ከዚያ ሰሙን ስስ ስስ አድርገሽ ደራርቢው፣ በየመሐሉ በቡሽ እያሸሽ። አረንጓዴው ለከባድ ብርድ፣ ሰማያዊው ለመካከለኛ፣ ቀዩ ዜሮ ዲግሪ ለደረሰ በረዶ ነው።

ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ስኪሽን ገልብጠሽ እዪልኝ። መሐሉ ለስላሳ ነው? የዓሣ ቅርፊት የመሰለ ጭረት አለው? ወይስ ጸጉር አለው?

የማርቆሷ ልጅ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አምና ምን እንደሆንኩ አሁን ነው የገባኝ።

አብራኝ ለምትኖረው ልጅ ደውዬ ምድር ቤት አስወረድኳት። ፎቶ ላከችልኝ። መሐሉ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ስፋት ያለው ጸጉራም ነገር ተለጥፎበታል፤ እንደ ከፋይ። ርዝመቱ ክንድ አይሞላም። ስገዛው እንኳ ልብ አላልኩትም። ዳር ዳሩ ላይ ደግሞ ጥቁሩ ፕላስቲክ ነጣ ብሏል አለችኝ። ተበላሽቶ ይሆን?

እማዬ እንደገና አነበብኩላት። "ሰውዬው የምጣድ ሰው ነው" አለች።

ሳይክል ጠጋኙ፣ ባሕር ዳር

እናትሽን ሰላም በይልኝ።

እንኳን ጠየቅሽ። እንግዲህ ስለ ብርጭቆ ወረቀቱና ስለ መያዣው ሰም የነገርኩሽን ጨርሶ ተዪው። ላንቺ አይሠራም። ያ ጸጉር ብዙ ጊዜ ሞሄር ነው፤ የአንጎራ ፍየል ጸጉር። የበሬን ጀርባ ወደ ጭራው ብትዳብሺው ይለሰልሳል፣ ወደ ራሱ ብትመልሺው ይሻክርብሻል አይደል? ይኸውም እንደዚያ ነው። ወደፊት ያንሸራትታል፣ ወደ ኋላ ይነክሳል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም። ሰም መምረጥ ላይ አትጨነቂም።

ጸጉሩን ግን ጠብቂው። ካውያ ከነካው ማጣበቂያው ይላቀቃል። የመንሸራተቻ ሰም ከገባበት ጸጉሩ ይደፈንና መንከሱን ያቆማል። ስለዚህ ከመጀመርሽ በፊት በወረቀት ፕላስተር ሸፍኚው፤ ከፊትም ከኋላም ጥቂት ሴንቲ ሜትር ጨምረሽ። ሰም የሚቀባው ከጸጉሩ ፊት ያለው ክፍልና ከኋላው ያለው ክፍል ነው፤ ሁለት ቦታ፣ ለየብቻ። ስትፍቂም ፍርፋሪው ጸጉሩ ላይ እንዳይራገፍ ተጠንቀቂ።

ለራሱ ለጸጉሩ ደግሞ እርጥበት እንዳይጠጣ የሚያደርግ የሚረጭ ፈሳሽ ይሸጣል። አንድ ጊዜ ቀቢውና በክፍሉ ሙቀት ይድረቅ። ምድጃ አጠገብ አታድርጊው። ይህን ካላደረግሽ ውሃ ይጠጣና በረዶ ይሠራበታል፤ ያኔ ተገትረሽ መቅረትሽ ነው።

መንጣቱ አያስፈራም። ሚያዝያ ላይ ገዝተሽ ሰም ሳይቀባ እስካሁን ከርሟል፤ ደርቋል ማለት ነው። ሦስት ዙር ሲጠጣ ይጠቁራል። ከአሁን በኋላ ሚያዝያ ላይ ስታስቀምጪው ሰሙን ቀብተሽ ሳትፍቂ ተዪው። እንደተቀባ ይክረም፣ ኅዳር ላይ ትፍቂዋለሽ።

ደንበጫ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ስዊድን ኤስተርሹንድ ነው ያለሁት፤ የደንበጫ ልጅ ነኝ። ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ግን ሰም ከመቀባትሽ በፊት የሚደረግ ነው፣ ስለዚህ አደራሽን።

ስኪው ለክብደትሽ መሆኑን አረጋግጪ። ስኪ መሐሉ ጎበጥ ያለ ነው። የሚሠራውም በዚያ ጉብጠት ነው። ደልዳላ ጠንካራ ወለል ላይ፣ የተነጠፈ ምንጣፍ በሌለበት፣ ሁለቱንም አስቀምጪና ጫማሽን አድርገሽ ቁሚባቸው። ክብደትሽን እኩል አካፍዪ። ጓደኛሽ አንድ ወረቀት ከእግርሽ ትይዩ ከስኪው ሥር አስገብታ ወደፊትና ወደ ኋላ ታንቀሳቅሰው። መንቀሳቀስ አለበት። አሁን አንድ እግርሽ ላይ ብቻ ቁሚ። ወረቀቱ መያዝ አለበት፣ አልወጣም ማለት አለበት።

በሁለት እግር ቆመሽ ከያዘ ስኪው ለስላሳ ነው፤ ጸጉሩ ሁልጊዜ እየተጎተተ ያደክምሻል። በአንድ እግር ቆመሽ ካልያዘ ደግሞ ጠጣር ነው፤ ጸጉሩ በረዶውን ስለማይደርስበት ዳገት ላይ ወደ ኋላ ትሄጃለሽ።

ለምን ቀድሞ መሆን እንዳለበት ልንገርሽ። እኔ የመጀመሪያውን ጥንድ ስገዛ ክብደቴን ማንም አልጠየቀኝም። በመልኩ ወደድኩት፣ ገዛሁት። ሁለት ቀን ሙሉ ሰም ስቀባና ስፍቅ ቆየሁ፣ ካውያው እንዳይቆም ስጨነቅ። መስታወት አስመሰልኩት። በረዶው ላይ ስወጣ አልያዘም። ጠጣር ነበር። ልመልሰው ስሄድ "ሰም ከነካው አንቀበልም" አሉኝ። የሁለት ወር ቁጠባዬ ነበር። በጣም አለቀስኩ። ያንቺ ገና ያልተነካ ስለሆነ፣ ካልሆነልሽ ሳትቀቢው ወስደሽ ጠይቂያቸው። ደረሰኙ አለሽ?

ሌላው፣ ያገለገለ ሰም ከሰው ብትቀበይ ማሸጊያውን እዪ። ድሮ ፍሎር የሚባል ኬሚካል ያለበት ሰም ነበር፤ በጣም ያንሸራትታል፣ ግን ለጤናም ለውሃም ጎጂ ነው። ከ2023ቱ የውድድር ወቅት ጀምሮ ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ከውድድር አስወጥቶታል። የሰው ምድር ቤት ውስጥ ግን አሁንም ይገኛል። ቤት ውስጥ በካውያ አታቅልጪው።

የማርቆሷ ልጅ

እህቴ፣ አንጀቴን በላሽው። ደረሰኙ አለ፣ ከጫማው ካርቶን ውስጥ ነው። የወረቀቱን ሥራ እንደደረስኩ በዚያው ማታ አደርገዋለሁ። ሻጩ እኔን ሚዛን ላይ እንዳወጣኝ አስታውሳለሁ፤ ስለዚህ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ለሥራው ዓርብ ማታንና ቅዳሜን ይዣለሁ። ካውያ ሥራ ቦታ ካለች ሴት እዋሳለሁ። ሰም፣ የፕላስቲክ መፋቂያ፣ የናይለን ብሩሽ፣ ፕላስተር፣ የጸጉሩ ፈሳሽ፤ ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። እማዬ ያሟሸችበትን ዓይነት ጨርቅ ቀድዳ ሻንጣዬ ውስጥ አድርጋልኛለች፤ መጨረሻ ላይ ለመወልወል ይሆናል ብዬ ይዤዋለሁ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ቀረኝ። የመጨረሻውን ዙር ቅዳሜ ማታ ቀብቼ ሳልፍቅ ባድርና እሑድ ጠዋት ብፍቀው ችግር አለው? የምንወጣው ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

ሳይክል ጠጋኙ፣ ባሕር ዳር

ምንም ችግር የለው፤ እንዲያውም ቢያድር ይሻላል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ጠዋት ተነሺና ቤት ውስጥ እንዳለ ፋቂው፣ ቦርሺው፣ ፕላስተሩን ላጪ። ከዚያ ግን ወዲያው በረዶው ላይ አታስቀምጪው። ከቤት የወጣ ስኪ ሙቅ ነው፤ በረዶውን ያቀልጥና መልሶ ሥሩ ላይ ይጋገርበታል። ደጅ ግድግዳ ላይ አስደግፈሽ ግማሽ ሰዓት ተዪው። አንቺ እስከዚያ ቁርስሽን ብዪ።